ከብድሩ በፊት የሚቆጠረው፦ የሴት ነጋዴዎች የገንዘብ አቅርቦት በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ የተጻፈው የመበለቲቱ ታሪክ በዐውደ ምሕረት ደጋግሞ ይነገራል፤ የሚነገረውም ብዙውን ጊዜ ስለ ተአምሩ ነው። እኛ በዚህ ጥናት የምናነበው ግን ስለ ዕዳው ነው። ባሏ ከነቢያት ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበረ፣ በእኛ አነጋገር የካህን ሚስት የምትባል አንዲት ሴት ባሏ ሞተባት፤ ዕዳው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ነቢዩ ኤልሳዕ ገንዘብ አልሰጣትም፤ የተሻለ አበዳሪም አላመላከታትም። አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳላት ነው። ከአንዲት ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ከዚህ በኋላ ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋዎችን እንድትዋስ፣ ደጇን ዘግታ ዘይቱን እንድትቀዳ፣ ሸጣም ዕዳዋን እንድትከፍልና በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት።

የትእዛዙን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። በቤት ያለው ተቆጠረ፤ የጎረቤት እገዛ ተጠየቀ፤ ሥራው ተሠራ፤ ሽያጩ ተከናወነ፤ ዕዳው ተከፈለ፤ ለኑሮም ተረፈ። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ከሴት ነጋዴዎች ጋር በሠራንባቸው ዓመታት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠን የተጓዝንባቸው ጊዜያት ነበሩ። ብድሩን አስቀድመን ቤቱን ኋላ ቆጥረናል። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ በየአጥቢያው ያሉ የልማት ኮሚቴዎች፣ የሴቶች ቡድኖችና በመስክ ያሉ ባልደረቦቻችን በአንድነት እንዲወያዩበት ተዘጋጅቷል። የምናስረዳውም ለሴት ነጋዴ ብድር መገኘቱ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው፤ የብድሩ መያዣ፣ መጠንና የመክፈያ ጊዜ ከቤቷና ከዓመቷ ጋር ካልተስማማ የተገኘው ብድር ራሱ ጉዳት ይሆናል።

በቤቷ ያለው

ዳባት ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአንድ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም መቀመጫ ናት። የአካባቢው ደጋ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል፤ በግ ያረባል። በገበያ ቀን ዙሪያውን ብንመለከት እህሉን በቁና የምትሰፍረው፣ ዕንቁላሉንና ቅቤውን የምትሸጠው፣ በሶና ቆሎ ያዘጋጀችው፣ የበግ ጠጉር ፈትላ ለባና የምታቀርበው፣ ለእንግዳ የሚሸጥ ቆብ የምትሠራው፣ ጠላና አረቄ የምታወጣው በአብዛኛው ሴት ናት። አረቄውን ባንወደውም ከቆጠራው አናወጣውም፤ የስንት ልጆች ደብተርና እስክርቢቶ ከዚያ እንደሚወጣ እናውቃለንና።

የፕሮጀክት ቅጾች እነዚህን እናቶች ብዙ ጊዜ «ሀብት የሌላቸው» ብለው ይመዘግባሉ። መበለቲቱም ስለ ራሷ መጀመሪያ የተናገረችው እንዲሁ ነበር። ቀስ ብለን ስንጠይቅ ግን ሁለት በጎች፣ በዕቁብ ያልደረሳት ዕጣ፣ በስሟ የተመዘገበ ግማሽ የመሬት ይዞታ፣ ለዓመታት ያልከዱ ደንበኞች፣ በዱቤ የሚያምናት የጅምላ ነጋዴ እናገኛለን። የጅምላ ነጋዴው እምነት በተለይ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ወለድ የማይታሰብበት ብድር ነውና። በዚህ ገጽ አንጻር ደግሞ ሌላ ገጽ አለ፤ እርሱም ዕዳዋ ነው። ለሱቅ የቀረ ሒሳብ፣ በክረምት የተወሰደና በመከር በጭማሪ የሚመለስ እህል፣ ባል ሳይነግራት የፈረመው ዋስትና ይገኙበታል። ይህን ሁለተኛ ገጽ ሳንጽፍ «የብድር ፍላጎት ጥናት» ያልነው ሁሉ ግማሽ ጥናት ነበር።

ያለፉት ዓመታት ቆጠራውን አሳዝነውታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ዘልቆ በጭና ቀበሌ ብዙ ንጹሓን ተገድለዋል፤ ከብት ታርዷል፤ ቤት ተዘርፏል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃን አሞራን ጨምሮ የዞኑን ወረዳዎች ጎድቷል። በኮሮና ወረርሽኝ የተጀመረው የጎብኚ መጥፋትም ቆብ ሠሪዋን፣ እንጀራ አቅራቢዋንና በቅሎ አከራዩን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግር ደግሞ መንገድንና የባንክ አገልግሎትን ደጋግሞ አስተጓጉሏል። ስለዚህ ዛሬ ብድር የምትጠይቀን እናት ብዙውን ጊዜ አዲስ ሥራ ጀማሪ አይደለችም። ሥራዋ የተቋረጠባት፣ መነሻዋ የጠፋባት፣ የቀድሞ ዕዳዋ ግን ያልጠፋላት ነጋዴ ናት።

መያዣው በማን ስም ነው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጠው ባልና ሚስት የጋራ ንብረታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አድርገዋል። በዚያው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በክልሉ የተጀመረው የገጠር መሬት ምዝገባም የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት የጋራ ስም እንዲወጣ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍበት አድርጓል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእናቶቻችን ፊት በመንግሥት መዝገብ ላይ ከመሬት ጋር ተያይዞ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ደብተሩ ለብድር ያገለግላልን? የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚቻልበትን በር ከፍቷል፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም በዚሁ መንገድ ሄዷል። መሬቱ ራሱ አይሸጥም፤ የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው። ይሁን እንጂ ዕዳዋን መክፈል ያቃታት እናት ለተወሰኑ ዓመታት መሬቷን ለሌላ ለቅቃ ልትኖር እንደምትችል በግልጽ ሊነገራት ይገባል። ለአንዲት መበለት እነዚያ ዓመታት ልጆቿ የሚያድጉባቸው ዓመታት ናቸው። በመሆኑም መሬትን ማስያዝ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን አንመክርም።

በከተማ ያለችው ነጋዴ ችግር ሌላ መልክ አለው። የምትነግድበት ቦታ የኪራይ ነው፤ ቤት ቢኖርም በባል ወይም በአማት ስም ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣውና በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ስለሚኖር የዋስትና መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳት፣ የተሰበሰበ እህል፣ የሱቅ ዕቃና የሥራ መሣሪያ በመያዣነት ተመዝግበው ብድር እንዲሰጥባቸው ፈቅዷል። በሕጉ መሠረት ባና ሠሪዋ የሰበሰበችው ጠጉርና መሣሪያዋ፣ እህል ነጋዴዋ በመጋዘን ያለው ባቄላዋ ዋጋ አላቸው ማለት ነው። በመስክ እንደምናየው ግን የቅርንጫፍ ሠራተኛ አሁንም ቤትና መኪና ሲያይ ይረጋጋል፤ በግ ሲያይ ይጠራጠራል። በግ ሊሞት ይችላልና ጥርጣሬው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሆኖም እናቶች ይህ አዋጅ መኖሩን አውቀው በስሙ ጠርተው እንዲጠይቁ ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እንጨምር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ መላክና መቀበል፣ ቆየት ብሎም ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር ማግኘት ተችሏል። ብድሩ የሚመዘነው በስልኩ ላይ በሚታየው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። ታዲያ የስልክ ቁጥሩ በባል ወይም በልጅ ስም የወጣ እንደሆነ እናቲቱ ዓመቱን ሙሉ ብትነግድም ታሪኩ የሚጻፈው ለሌላ ሰው ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገው ጥናት በኢትዮጵያ የፋይናንስ ሒሳብ የነበራቸው ሴቶች ከመቶ 29፣ ወንዶች ደግሞ ከመቶ 41 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አድጓል። በአጥቢያችን ያሉ እናቶች ግን ሒሳቡም ሲም ካርዱም በማን ስም እንደሆነ አንድ በአንድ መጠየቅ አለበት።

ከቡድን ብድር በላይ፣ ከባንክ በታች

በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40/1988 አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በሕግ እንዲቋቋሙ አደረገ። በክልላችን ከአመልድ ሥራ የተወለደው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ «አብቁተ» ብሎ የሚያውቀው፣ ከዚያ ወዲህ በገጠር ብድር ትልቁን ስፍራ ይዞ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ወደ ፀደይ ባንክነት ተሸጋግሯል። የዚህ ዓይነት ብድር ሥርዓት በአብዛኛው የቡድን ዋስትና ነው። ጥቂት ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ፤ አንዱ ሲያቅተው ሌሎቹ ይከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በባንክነት የታወቀው የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ለዓለም ያስተዋወቀው አሠራርም ይኸው ነው።

የቡድን ብድር ለመነሻ ይጠቅማል። ችግሩ የሚመጣው ነጋዴዋ ስታድግ ነው። በሶና ሽሮ በእጇ ስታዘጋጅ የኖረች እናት አነስተኛ ወፍጮ ልግዛ ብትል የቡድኑ ብድር አይበቃትም፤ ወደ ባንክ ብትሄድ መያዣ የላትም። በኢትዮጵያ ይህን ክፍተት ለመድፈን ከተደረጉት ሥራዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች ልማት ፕሮጀክት ነው። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ይተላለፍና ለሴት ነጋዴዎች በግል ብድር መልክ ይሰጣል፤ ሥልጠናም አብሮት ይሄዳል። ፕሮጀክቱ ተቋማቱን መያዣን ብቻ ከማየት አውጥቶ የንግዱን የገንዘብ እንቅስቃሴና የተበዳሪዋን የመክፈል ጠባይ እንዲመዝኑ አስተምሯል። ሥራው የተጀመረው አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን በመሳሰሉ ከተሞች ስለሆነ የደባርቅ ነጋዴ በቀጥታ አላገኘችው ይሆናል፤ ዘዴው ግን ለሁሉም ይሠራል። የዕለት ሽያጯን ለስድስት ወር በደብተር ይዛ የቀረበች እናት አበዳሪው የሚመዝነው ነገር አላት።

ሌላው ምሳሌ እናት ባንክ ነው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ጨምሮ 11 ሴቶች ሐሳቡን አፍልቀውት በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ አቅም ያላቸው ሰዎች በባንኩ የሚያስቀምጡት ገንዘብ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስትና የሚሆንበትን አሠራር ዘርግቷል። ይህ ለአጥቢያዎቻችን ብዙ የሚያስተምር ይመስለናል። በውጭና በአዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በልግስና ይሰጣሉ። ከዚያ ልግስና ጥቂቱ በዝግ ሒሳብ ተቀምጦ ለአሥር እናቶች ዋስ ቢሆን፣ እነርሱ ሲከፍሉ ደግሞ ለሌሎች አሥር ቢተላለፍ ሕንፃውን የሚያጎድል አይሆንም።

ወለዱን በጣት መቁጠር

ስለ ወለድ ስንናገር ከአራጣ እንለየዋለን። ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይቀጣበታል። ነገር ግን ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ የሚከተለው ስሌት በቡድን ስብሰባ ላይ በባቄላ ፍሬ ተቆጥሮ ሊታይ ይችላል።

አንዲት እናት 20,000 ብር ለ12 ወር በ18 በመቶ ወለድ ተበደረች እንበል። ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በተሰጣት ሙሉ ገንዘብ ላይ ከሆነ 3,600 ብር ይሆናል፤ በጠቅላላው 23,600፣ በወር 1,967 ብር ገደማ ትከፍላለች። ወለዱ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን ወርኃዊ ክፍያዋ 1,834 ብር ገደማ፣ የዓመቱ ወለድም 2,000 ብር ያህል ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም «18 በመቶ» ይባላሉ። በመጀመሪያው ስሌት እናቲቱ ከወር ወር የመለሰችው ገንዘብ እንደ ገና በእጇ እንዳለ ተቆጥሮ ወለድ ይታሰብበታል፤ በሁለተኛው ስሌት ቢመነዘር 32 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ላይ 1,000 ብር ለግዴታ ቁጠባ ተይዞባት ከሆነ በእጇ የገባው 19,000 ነው፤ ወለድ የምትከፍለው ግን በ20,000 ነው። ስለሆነም ከመፈረሟ በፊት መጠየቅ ያለባት «ወለዱ ስንት በመቶ ነው?» ብላ ብቻ ሳይሆን «በእጄ ስንት ይገባል፣ በጠቅላላው ስንት እመልሳለሁ?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ በግልጽ የማይመልስ አበዳሪ ዘንድ አለመፈረም ይሻላል።

የዓመቷ መልክ

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናገራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተራራው ግርጌ ባለች አንዲት ቀበሌ የሴቶች ቡድን በግ አድልቦ ለመሸጥ ብድር እንዲያገኝ አገናኘን። ሐሳቡ መልካም ነበር። ብድሩ በዐቢይ ጾም መግቢያ ተለቀቀ፤ በጾም ሥጋ ገዥ ስለሚጠፋ በግ ረከስ ይላል፤ ለፋሲካ ደግሞ ዋጋው ይወጣል። ያላየነው ነገር የክፍያውን ሰሌዳ ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ ብድሩ በተለቀቀ በ30ኛው ቀን፣ ሁለተኛው በ60ኛው ቀን ተቆርጦ ነበር። ጾሙ 55 ቀን ነው። ገንዘቡ በበጎቹ ላይ ነው፤ በጎቹም ገና እየደለቡ ናቸው፤ ዕንቁላልና ቅቤም በጾም ገዥ የላቸውም።

እናቶቹ ግን በቀኑ ከፈሉ። አንዷም አላዘገየችም። እኛም በሪፖርታችን ላይ ብድሩ መቶ በመቶ በጊዜው እየተመለሰ መሆኑን በደስታ ጻፍን። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የጠየቅነው ሰኔ ሲገባ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ የከፈሉት ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ሸጠው ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ ደግሞ ለዘር የሚሆን እህል በመከር በጭማሪ ሊመልሱ ከባለሀብት ወስደዋል። በጎቹ ለፋሲካ በመልካም ዋጋ ተሸጠዋል፤ ትርፉ ግን የሄደው የተሸጠውን ዘር ለመተካት ነው። ስናነጋግራቸው ከመካከላቸው አንዲቱ እናት ያሉንን አንረሳውም፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የጠየቃችሁን ከፈላችሁ ወይ ብላችሁ ነው፤ ከፍለናል።»

ከዚያ ወዲህ ብድርን ከማገናኘታችን በፊት የእያንዳንዷን ንግድ ዓመት በወር በወር እንጽፋለን። የደጋው ገበሬ ቤት ገንዘብ የሚያየው ከኅዳር መከር በኋላ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጎተራው ይጎድላል፤ መንገዱም በጭቃና በጉም ይዘጋል፤ የትምህርት ወጪም በዚያው ይመጣል። በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን የጾም ሥርዓት አለ። ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ ምእመናን በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀናት ይጾማሉ። ይህ ለመንፈሳዊ ሕይወት የተሠራ ሥርዓት ቢሆንም ገበያውንም ያዝዘዋል። ዕንቁላል፣ ቅቤና ሥጋ የምትሸጠዋ ነጋዴ በጾም ትቀዘቅዛለች፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ቆሎ የምትሸጠዋ በዚያው ጊዜ ትሞቃለች። ሁለቱ በአንድ ቡድን ውስጥ ቢሆኑ አንዷ በዐቢይ ጾም፣ ሌላዋ በፍስክ መክፈል ይችላሉ። በቢሮ የተዘጋጀ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ይህን አያውቅም፤ የአጥቢያው ካህንና የሰንበቴዋ እናት ግን ሳይጽፉት ያውቁታል።

አበዳሪዎች የክፍያ ቀን ማራዘምን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሕንድ ኮልካታ ከተማ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ለአንዳንድ ተበዳሪ ሴቶች የመጀመሪያው ክፍያ በሁለት ወር እንዲዘገይላቸው ተደረገ። የእፎይታ ጊዜ ያገኙት በንግዳቸው ላይ የበለጠ ገንዘብ አዋሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ትርፋቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ይሁንና ከእነርሱ መካከል ሳይከፍሉ የቀሩትም በዝተው ነበር። እፎይታ ጊዜ ይሰጣል፤ የመውደቅ ዕድልንም ያሰፋል። ስለዚህ ለማድለብና ለእርሻ ሥራ እፎይታ እንጠይቃለን፤ በየገበያ ቀኑ ገንዘብ ለሚገባላት ቆሎ ሻጭ ግን አነስተኛና ተደጋጋሚ ክፍያ ይስማማታል።

ከጎረቤት የተዋሰችው ማድጋ

መበለቲቱ ዘይቱ የራሷ ነበር፤ ማድጋው ግን የጎረቤት ነው። ዘይቱ የቆመውም ማድጋ ባለቀ ጊዜ ነው። በአካባቢያችን ዕቁብ፣ ዕድር፣ ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ የሚባሉት ማድጋዎች ከየትኛውም ፕሮጀክት በፊት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር የተጀመረው የመንደር ቁጠባና ብድር አሠራር ከእነዚህ ብዙም አይርቅም። ጥቂት ሴቶች በየሳምንቱ ይቆጥባሉ፤ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሦስት ሰው እጅ ይቀመጣሉ፤ ከሣጥኑ ለአባላት ይበደራል፤ ወለዱም ወደ ሣጥኑ ተመልሶ በዓመቱ ለራሳቸው ይከፋፈላል። ብድሩ ትንሽ ቢሆንም የመክፈያውን ቀን የሚቆርጡት የጾሙን መግቢያና የመከሩን ጊዜ የሚያውቁ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሕንድ አህመዳባድ 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ እንደመሠረቱም እናስታውሳለን፤ የብዙዎቹ መተዳደሪያ ጉልትና የቤት ውስጥ እጅ ሥራ ነበር።

በዚህ ስፍራ ለአጥቢያ አገልጋዮች አንድ ማሳሰቢያ አለን። የጽዋ ማኅበር ስብስብ ለቁጠባ መልካም መነሻ ነው፤ እርስ በርስ መተማመን አለውና። ነገር ግን ዕዳዋን ያልከፈለች እናት ከማኅበር እንድትገለል ማድረግ፣ ወይም የንስሐ አባትን ዕዳ አስከፋይ አድርጎ መላክ ፈጽሞ አይገባም። እንዲህ ከሆነ እናቲቱ ገንዘብ ባጣች ጊዜ ቅዳሴውንም ትሸሻለች። ጽዋው ለብቻ፣ ሣጥኑ ለብቻ ይሁን፤ መዝገባቸውም የተለያየ ይሁን። ካህኑ የሚረዳው በሌላ ነው። ለብድር የሁለቱ ፈቃድ ሲያስፈልግ ባልና ሚስቱን አብሮ አስቀምጦ ማነጋገር፣ ባል የሚፈርመውን ዋስትና ለሚስቱ እንዲነግራት መምከር የእርሱ ሥራ ነው። ደጅ መዝጋትም ከታሪኩ የተማርነው ነው። የቡድኑ አባላት የአንዷን ትርፍና ዕዳ በገበያ አያወሩም፤ የንግዱ ገንዘብም በራሷ ስም ባለ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ዘመድ በጠየቀ ቁጥር አይነካም።

ሳይበደሩ መቆየት

እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ገጠር በዕጣ በተመረጡ ቀበሌዎች የብድር አገልግሎት ገብቶ ውጤቱ ተጠንቷል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ከሕንድ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞሮኮ፣ ከሞንጎሊያና ከቦስኒያ ጥናቶች ጋር አብሮ ታትሟል። ብድሩ በገባባቸው ቀበሌዎች የተበዳሪው ቁጥር በግልጽ ጨምሯል። የኑሮው ለውጥ ግን ከተጠበቀው ያነሰና የተደባለቀ ሆኖ ተገኝቷል። የሌሎቹ አገሮች ውጤትም ተመሳሳይ ነበር። ይህ ብድር አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሥራ፣ ገበያና ሙያ ላላት ነጋዴ ይጠቅማል። የታመመ ለማሳከም፣ የቀድሞ ዕዳ ለመክፈል፣ ወይም ፕሮጀክቱ የተበዳሪ ቁጥር ስለጎደለው ለሚወሰድ ብድር ግን ምስክር አናገኝለትም። ዘር ያለቀባት እናት የሚያስፈልጋት ዘር ነው፤ እንዲህ ያለውን በእርዳታ መስጠት እንጂ በብድር ስም ማደናገር አይገባንም። እኛም «ዘንድሮ አይበደሩ፣ በሣጥኑ ቆይተው በመከር እንነጋገር» ብለን ያሰናበትናቸው እናቶች አሉ። በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርታችን ቀንሶ ታይቷል።

ለሚቀጥለው የቡድን ስብሰባ እያንዳንዷ አባል ሁለት ነገር ይዛ ትምጣ። የመጀመሪያው በሁለት ገጽ የተከፈለ ወረቀት ነው፤ በአንዱ ገጽ ያላት፣ በሌላው ያለባት ይጻፍበታል። መጻፍ የማትችል ልጇ ይጻፍላት። ሁለተኛው ባሕረ ሐሳብ የወጣለት የዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። ገንዘብ የሚገባባቸውን ወራት በአረንጓዴ፣ የሚወጣባቸውን በቀይ እስክርቢቶ ታክብባቸው። ከዚያ የአበዳሪው የክፍያ ሰሌዳ ጎን ለጎን ይዘርጋ፤ ስንት የክፍያ ቀን በቀዩ ውስጥ እንደወደቀም ጮክ ብሎ ይቆጠር።